ጭመቂ እንጂ አትጠምዝዢ

ሐሙስ ማታ ነበር፣ ከኦፋኪም ጫፍ፣
ቁልፉን ይዤ ቆሜ ከጋራዡ ደጃፍ፣
ሊአት ብቅ አለች ሞተሯን እየገፋች፣
ከሄልሜቷ ስር ፊቷ ዱቄት እንደ ነፋች።
የገረመው ልጅ ናት፤ ሱፐርማርኬት ቆማ ውላ
ደመወዟን ሁሉ ይሄ ብረት በላ።
«አስረስ፣ ትንፋሽ አጥሮት ዳገት ላይ ቆመብኝ፣
ጋዝ ስሰጠው ያስላል፣ ምን ነክቶት ነው?» አለችኝ።
እሷ በዕብራይስጥ፣ እኔ በአማርኛ፣
ብሎን ስንፈታ ነው የምንግባባው እኛ።

ወንበሩን አነሳሁ፣ ሳጥኑን ከፈትኩት፣
ስፖንጁን በሁለት ጣት ጎትቼ አወጣሁት።
ሲገዛ ነጭ ነበር፤ ዛሬ አፈር መስሏል፣
የኔጌቭ ብናኝ ነው፣ ተቦክቶ ደርቋል።
ስፌቱም ተላቋል፣ ሙጫው ሟምቶ፣
ጣቴ ሾልኮ አለፈ ወዲያ ማዶ ወጥቶ።

«በምን አጠብሽው?»
ዝም።
«በምን?»
«በቤንዚን።»
«ከዚያስ ምን ቀባሽው?»
«አባቴ መኪናው ላይ ጨምሮ የተረፈ ዘይት ነበር…»

ባልዲ ገለበጥኩላት፣ ተቀመጪ አልኳት።

ቤንዚን ችኩል ነው ልጄ፤ እድፉን ሲበላ
ሙጫውንም ይበላል፣ አይለይም ሌላ፤
ሲጋራ ካየማ አንቺን ነው በኋላ።
ለዚሁ የተሠራ ማጠቢያ አለ፣ ውድ ነው፤
ነጭ ጋዝም ይሆናል፣ ከእሳት ካራቅሽው፤
ከዚያ ለብ ያለ ውሃ፣ የዕቃ ሳሙና፣
ድፍርሱ እስኪያልቅ ደጋግመሽ እንደገና።
ግን ጭመቂ እንጂ አትጠምዝዢ፤ ነጠላ አይደለም፣
ስፖንጅ ሲቀደድ ጮሆ አይነግርሽም።
ኮምፕሬሰሩንም ተይው፤ ጉራ ብቻ ነው፣
አቧራውን ወደ ሆዱ ነው የሚነዳው።
ጥላ ላይ ይደር።

«ዘይቱስ?» አለች። መደርደሪያዬ ላይ ሦስት ጠርሙስ አለ፣
አንዱ ቀይ፣ አንዱ ሰማያዊ፣ አንዱ ቅጠል የመሰለ።
«የቱ ይሻላል?»
ቀለሙ ለዓይንሽ ነው፣ ያልነካሽው ቦታ ቁልጭ ብሎ እንዲታይ፤
አንቺ የምትጠይቂው፦ ያጣብቃል ወይ?
የሞተር ዘይት ሙያው ማንሸራተት ነው፣
ብረትም፣ አቧራም፣ ለእሱ ያው ነው፤
ሲያድር ቁልቁል ወርዶ ከታች ይጠራቀማል፣
በደረቀው ጎኑ በረሃው ይገባል።
ይሄ ግን አበዳሪ ነው፤ የያዘውን አይለቅ፣
ባለዕዳው አቧራ ቢምል ቢንፏቀቅ።
ሲበዛም አይሆንም፤ ከተንጠባጠበ
ሞተሩ ታነቀ፣ አየር ተራበ።

አባቴ ወገራ ላይ ማረሻ ይቀጠቅጥ ነበር።
አመድ እንዳይስብ የወናፉ አፍ ላይ ጨርቅ ያስራል፣
ቆዳው እንዳይሰነጠቅ ዘይት ያሸዋል።
ልጅ ሆኜ ጠየቅሁት፦ የኑግ ነው የተልባ?
«ያገኘሁትን» አለኝ፣ ቀና ሳይል።
ይህንን ለሊአት አልነገርኳትም።

ነጭ ጨርቅ ጣቴ ላይ ጠቅልዬ የሞተሩን ጉሮሮ ጠረግሁ።
ቢጫ ሆኖ ወጣ።
አስተርጓሚ አላስፈለጋትም።

አዲስ ስፖንጅ ሰጠኋት፣ ቀዩን ዘይት መረጠች፣
ጓንት ብዘረጋላት አልፈልግም አለች።
እንደ ሊጥ አሸችው፣ ጨመቀች፣ ገለበጠች፣
ነጭ ቁራጭ ስታይ እዚያው ላይ ተመለሰች፣
ጠርዙን ግሪስ ቀባች።
እጇ እስከ ክርኗ ቀላ። ነገ ዓርብ ነው፤
እናቷ ሻማ ስታበራ ምን ትል ይሆን እያልኩ
የእጅ ማጠቢያውን ሳሙና ፈለግሁ። አልቋል።

ዛሬ ማለዳ ከደረቁ ወንዝ ማዶ ድምፁን ሰማሁት።
ይተነፍሳል።
ግን ከኋላው ቀጭን ሰማያዊ ጭስ ይጎትታል፤
የፒስተኑ ቀለበት ነው፣ አቧራ በልቶታል።
ሁለት ሺህ ሼቀል ይፈጃል ብያታለሁ።
ሦስት መቶ አላት።