የባንዱ ሰፈር

ለብቻዬ ጫነኝ፣ እንደ ክብር እንግዳ፣
ሙዘይን በባጃጅ፣ ከፈረንጅ አራዳ።
«ብሩ ለነዳጅ ነው፤ ወሬው ግን የኔ ዕዳ፣»
አለኝ መስታወቱን በክንዱ እያጸዳ።

«ፋርማሲዋን አየህ? የዘውገ ቤት ነበረች፤
ድራሙ ሲጮህባት ግድግዳዋ ዘመመች።
ያ ትምህርት ቤቱ ነው፤ ዴስክ እየደለቀ፣
ሒሳብ ሁለት ዓመት በክብር ወደቀ።»

አዌቱ ድልድይ ላይ ሞተሩን አጠፋ፤
«ራሒማ እዚህ ቆማ፣ ድምጿ እንዲሰፋ፣
ከጎርፍ ጋር ትጮኽ ነበር፤ ጎርፉ ነው የተሸነፈው።»
ውሃው ዛሬ ቀጥኗል፤ ፌስታል ይዞ ያልፋል።

መጨረሻው ሄርማታ፣ የእናቱ ጓሮ፤
ጣራ ስር ስፒከር፣ ሆዱ ውስጥ ዶሮ።
አዴ ሙሊካ ጎመን እየቀነጠሱ፦
«መያዣ ነው ብለው ትተውት ተነሡ፤
ሰባት ሆነው ምሳ፣ አርባ ቀን በዱቤ!
ሬዲዮው ስማቸውን ሲጠራ ይውላል፤
የበሉትን ሽሮ ማን ይከፍልልኛል?
አዲሳባ ገብተህ ድንገት ብታያቸው፣
ብሩን ይዘው ይምጡ፣ ሣጥኑ አለ በላቸው።

አሁን ግን አይሆንም፤
ዶሮዋ ገና አሥር ቀን ይቀራታል።»

ጎንበስ ብዬ አየሁ፤
ከጨለማው ውስጥ አየችኝ ዶሮዋ፣
እንደ ትኬት ቆራጭ።