በጀልባ ሆድ ላይ

መብራት ጠፋ ማታ፣ ሰሌዳው ጨለመ፤
ላሚሶ ጠመኔውን እንደያዘ ወደ ሐይቁ አዘገመ።
ተከተልነው።
አሞራ ገደል ላይ የተደፋች ጀልባ፣ ሆዷን ሰጥታ ለጨረቃ፣
«ሳይን ሦስት ኤክስ በሳይን አምስት ኤክስ ሲባዛ»
ብሎ ጻፈባት፣ ጠመኔው ሲንቋቋ።

«እንደተጣበቀ አይደመርም፤ አስቀድማችሁ ፍቱት፣
ግማሽ አውጡና፣ ከልዩነቱ ኮሳይን የድምሩን ቀንሱት።»

ዘለቀች፣ ቀኑን ቆሮሶ ስትበልት የዋለች፣
ቅርፊት ባልለቀቀው ጣቷ ጠመኔውን ተቀበለች፤
«አጥንቱን ይዞ መሰንጠቅ አይደል?» አለች።
ኮሳይን ሁለት ኤክስ ወዲህ፣ ኮሳይን ስምንት ኤክስ ወዲያ፣
መሐል መቀነሻዋ፣ የቢላዋ ማረፊያ።

ከዜሮ እስከ ሁለት ፓይ ሄድንበት፤
ጉብታው ጎድጓዳውን ሞላ፣ ምንም አልቀረበት።
«ይሄ ሁሉ ለዜሮ?» አልኩ፣ ሆዴም ባዶ ነበር።
ላሚሶ አምስቱን በክርኑ አበሰና
ሦስት ጻፈበት፣ ያለ ንግግር።

ልዩነቱ ጠፋ፤
ኮሳይኑ አንድ ሆኖ ቆመ፣ መዋዠቅ ተወ፤
ፓይ ቀረን።

ጠዋት ባለቤቷ ገልብጦ ገፋት፣ መረቡን ጭኖ፤
መልሳችን ሄደ ከሥሯ፣ ለውሃው ሆኖ።