የአንድ ደቂቃ ትምህርት

በሩዝ ጆንያ ውስጥ ሕፃን ጠቅልዬ፣
ከቦንቴ ተነሣሁ ጀልባ ላይ ዘልዬ።
እግሯ ብቅ ቢል በጆንያው ቀዳዳ፣
ዓሣ ሻጯ ጮኸች፣ ቅርጫቷን አውርዳ፦
«ልጅ በጆንያ ይታዘላል? ምነው ጭካኔሽ በዛ!»
ጉርምርምታው ከጫፍ እስከ ጫፍ ተነዛ።
«የላስቲክ ናት» አልኳት። ጀልባው ሙሉ ሳቀ፤
የእሷ ዓይን ግን ከዚያች እግር እስክንደርስ አልለቀቀ።

ክፍላችን የዓሣ መጋዘን፣ ጣሪያው ቆርቆሮ ነው፤
ዝናብ ሲደበድበው ቃሌን የሚሰማው ማነው?
ዘጠኝ ሴቶች መጡ፣ አንድ ወጣት ነርስ፣
በሳሙና ታጥበው እስከ ክርን ድረስ።
«ልጁ እንደተወለደ ጥረጉት፣ አድርቁት፣
ጀርባውን አሹለት፣ ሙቀት አትንፈጉት።
ካልተነፈሰ ግን ጭምብሉን ግጠሙለት፤
አንድ ደቂቃ ናት የተፈቀደችለት።»

ባይንዱ ፊደል አልቆጠረች፤ ቁጥሩም ይምታታባታል፤
ስታዋልድ ኖራ አርባ ክረምት አልፏታል።
ፊኛውን ስትጨምቅ ወይ ትፈጥናለች፣ ወይ ትዘገያለች፤
አሻንጉሊቷም እንደ ድንጋይ ዝም ትላለች።
በሦስተኛው ቀን መሬት ላይ ቁጭ አለች፣
እንደ ሟች ባሏ፣ እንደ ቀዛፊው፣ ማንጎራጎር ጀመረች፦
ሳብ — ልቀቅ — ልቀቅ።
ሳብ — ልቀቅ — ልቀቅ።
የላስቲኩ ደረት ከፍ አለ፣ ዝቅ አለ።
ማንም አልሳቀባትም።

ሌሊት፣ ባሕሩ ሸሽቶ ጀልባዎቹ ጭቃ ላይ ሲቀሩ፣
ጄቤ ወለደች። መብራት የለም።
በወጣቱ ነርስ ስልክ ብርሃን አየነው፦
እንደ እርጥብ ጨርቅ ልል፣ ሰማያዊ፣ ዝም።
እጄን ዘረጋሁ፤ ባይንዱ በክርኗ ገፋችኝ።
ጠረገችው። አሸችው። ዝም።
ሳብ — ልቀቅ — ልቀቅ።
ሰዓቴን አየሁ። ሃያ። ሠላሳ።
ሳብ —
አርባ።
ዝናቡ ቆሞ ይሁን አይሁን አላውቅም።
ሳብ — ልቀቅ —
አስነጠሰ።
ድምፁ እንደ ድመት ግልገል ቀጥኖ ተሰማ፣
ከጄቤ ደረት ላይ፣ በዚያ ጨለማ።

ሲነጋ ጓዜን ስሸክፍ ባይንዱ መጣች፣
አሻንጉሊቷን ከእጄ ተቀበለች፣
ውሃዋን አፍስሳ ጆንያው ውስጥ አስተኛች፣
እግሯን መልሳ ቀዳዳውን መስፋት ጀመረች።
ከመርፌው ቀና ሳትል ጠየቀችኝ፦
«የያታ ልጅ። የታናሽ እህቴ መንትዮች።
የራሴ በኩር።
እነሱም ዝም ብለው ነበር የመጡት።
ሳይነጋ ቀበርናቸው፣ ከማንጎው ሥር።
እነሱስ ስንት ደቂቃ ነበራቸው?»

ጀልባው ጡሩንባ ነፋ።
የማስተምርበት መጽሐፍ ይህ ገጽ የለውም።
አልዋሸኋትም፤ እውነቱንም አልነገርኳትም።
ክሩን በጥርሷ በጠሰች፣
ጆንያውን እንደ ልጅ አሳዘለችኝ።