ስድስት ሳምንት

ከራስ መኮንን ድልድይ በስተግራ ወርደን
የካቲት ባደረቀው ወንዝ ውስጥ ለውስጥ ሄድን፤
ልሳነወርቅ ከፊት፣ ከዘራውን ይዞ፣
ያንን አሮጌ መጽሐፍ በብብቱ ጠምዝዞ።

ፒያሳ አስፋልት ዳር መጽሐፍ ይሸጣል፤
የማይሸጠውን ግን ራሱ ያነባል።
ይሄኛው የሞርሞኖች ታሪክ ነው፣ ሰባት ዓመት ገዥ ያጣ፣
ዝናብ ነክቶት ያበጠ፣ ከስፌቱ የወጣ።

«እዚህ ጋ ቁም» አለኝ። ሁለት ግድግዳ፣ ክር የምታህል ሰማይ፤
«አራት ኪሎ! አራት ኪሎ!» ይላል የሚኒባስ ረዳት ከላይ።
«የነሱ ገደል ይሄን አርባ ጊዜ ይበልጣል፤
ቀይ ዓለት ነው፣ ምድረ በዳ፣ ቁራ እንኳ ዞሮት ያልፋል።

ነቢያቸው ተገድሎ፣ ካገር ካገር ተሰደዱ፣
ጨው ሐይቅ ዳር ሰፈሩ፣ ዘሩ፣ አጨዱ፤
ኋላ ደግሞ ጥቂቶቹ ‹ወደዚያ ማዶ ሂዱ›
ተባሉ። ሄዱ።

‹መንገዱ ስድስት ሳምንት ነው› ተብለው ነበር ሲነሱ»
(እዚህ ላይ ሳቀ፤ ጥርስ የጎደለው ሳቅ ነው የሱ)
«ገደሉ አፍ ደረሱ፤ መውረጃ የለ፣ ከኋላ በረዶ፤
ስንጥቁን በባሩድ አሰፉት፣ ሰው በበርሜል ተንጠልጥሎ ወርዶ።
ዓለቱን በስተው እንጨት ሻጡበት በሰልፍ፣
ቅጠልና ድንጋይ ደለደሉ፣ ሠረገላ እንዲያልፍ።
ሰማንያ ምናምን ሠረገላ፣ ከኋላው ሃያ ሰው ገመድ ይዞ፣
ወረደ፤ አንድ ሰው አልሞተም» አለ፣ ከዘራውን ተመርኩዞ።

«ስንት ጊዜ ፈጀ?»
«ስድስት ወር።»

ቀና አልኩ። ከዳገቱ ላይ ግማሽ ግድግዳ ቆሟል፣
ሰማያዊ ቀለም፣ አንድ ምስማር፣ የቀን መቁጠሪያ ተሰቅሏል።
የሱ ቤት ነበር። ሰኔ መባቻ ቁምሳጥኑን በገመድ
በዚሁ ገደል ያወረድነው፣ በላይ ተዘግቶ መንገድ።
«ስድስት ሳምንት ታገሡ፣ ምትክ ቤት ይሰጣል» ተብሎ ነበር ያኔ፤
ቁምሳጥኑ እስከ ዛሬ ላስቲክ ለብሶ ቆሟል በረንዳዬ፣ እኔ።

«እዚያ ገደል ግን» አልኩት፣ «ሰው አልነበረም ወይ?»
መጽሐፉን ገለጠ። ዘጋ።
«ነበረ እንጂ። ናቫሆ፣ ዩት፣ ፓዩት።
ከነሱም በፊት ዓለቱ ላይ የእጃቸውን መዳፍ ያተሙ።
ለነሱ ግን አንድ አንቀጽ ነው የተረፋቸው፣
እሱም ዝናቡ ያገኘው ገጽ ላይ።»

ረዳቱ ከላይ ዝም አለ። ሞልቶለት ይሆናል።

«ደግሞ» አለ፣ «ያሰቡበት አልደረሱም፤
ደክሟቸው የቆሙበትን ነው ከተማ ያሉት።»

ከዘራውን አጋድሞ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ፣
አንድ ጫማውን አውልቆ ጠጠሩን አራገፈ።
«እስቲ ትንሽ እንረፍ» አለኝ።
«ስሙን ቆይተን እናስባለን።»