ትእዛዝ

ሙሐረቅ ላይ መሽቷል፤ ማዳም ተኝታለች፤
ትንሿ ስልኬ ግን ከትራስ ሥር ነቅታለች።
“ሻዩን!” “ልጁን!” “በሩን!” — “እሺ፣ መጣሁ” ብዬ፣
ቀኑን ሙሉ ትእዛዝ ተቀብዬ ውዬ፣
ማታ በአንድ ጣቴ ትእዛዝ እሰጣለሁ፤
የሌለኝን አክሲዮን ተበድሬ እሸጣለሁ።

ትእዛዜ ከጓዳ በባሕር ሥር ገመድ፣
ዕንቁ ፈላጊ ጠላቂ ትንፋሹ ባጠረበት መንገድ፣
ኒው ዮርክ ደርሶ፣ ተሸጦ፣ ዓይኔን ሳልከድን ይመጣል።
እኔን ከወረባቦ እዚህ ለማድረስ ግን
ሁለት ወር ፈጀ፤ ሦስት እጅ ተቀባብሎኛል።

ያስተማረችኝ ዘቢባ ናት፣ ጣሪያ ላይ ልብስ ስናሰጣ፤
“በአርባ ሽጪ የሰው ዕቃ፣ ሠላሳ ወርዶ እስኪመጣ፤
ያኔ ገዝተሽ መልሺለት፣ አሥሯ ላንቺ ትቀራለች።
ገባሽ?” ትለኛለች።

እንዴት አይገባኝ?
ደላላው ይመር እኔን ሳያገኘኝ
ለማዳም ሸጦኝ ነበር።
ገንዘቡን ቆጥሮ ነው እኔን ፍለጋ የወጣው፤
ድርቅ ነበር፤ ዋጋዬ ወርዶ ጠበቀው።

ዛሬ የሸጥኩት ወለል ጠራጊ ሮቦት የሚሠራ ኩባንያ ነው።
ትናንት ሶፋ ሥር ተሰንቅሮ ሲጮህ
ጎትቼ ያወጣሁት እኔ ነኝ፤
ከእኔ በላይ ማን ያውቀዋል?
እሱ ግን ይወጣል።
አርባ ሁለት። አርባ አምስት።
መውረድ ወለል አለው፤ መውጣት ጣሪያ የለው፤
ብድር በምድር ነው፣ ምድሩ ግን የማን ነው?

ጣቴ “ግዛ” ላይ ነው።
ከላይ ደወል ጮኸ።
“ሻይ!”
“እሺ፣ መጣሁ።”
አርባ ስድስት።