አንድ ስም፣ ሁለት ዋት

ስታዲየም ጀርባ፣ ከሁለተኛው ፎቅ፣
ከጫማ ሻጩ በላይ፣ ከፎቶ ቤቱ ዝቅ፣
አንድ ጠባብ ክፍል፣ አንድ ሰፊ ጠረጴዛ፣
ግማሹ በቁጠባ፣ ግማሹ በዱቤ የተገዛ፤
እዚያ ነው የምውለው፣ እኔ ትርሲት፣
ብሎን ስፈታ ብሎን ሳጠብቅ እስኪመሽ ድረስ ሌሊት።

ቅዳሜ ከሰዓት ሁለት ልጆች መጡ፣
ክርክራቸው ቀድሟቸው ደረጃውን የወጡ፣
ኢዮስያስና ሙአዝ።
በየቦርሳቸው ላፕቶፕ፣ ያገለገለ፣ የዱባይ።
«ካርዱ አንድ ነው» አለ ኢዮስያስ፣ «ተለጣፊው ይኸው፣
ስሙ ያው፣ ቁጥሩ ያው፣
ታዲያ እሱ ዘጠና ፍሬም ሲያይ
እኔ ስልሳ የማየው በምን ጥፋቴ ነው?»

እንደ በግ ገልብጬ ሆዳቸውን ከፈትኩ።
የሙአዝ ወፍራም፤ ሁለት ፋን፣ አምስት የመዳብ ቧንቧ።
የኢዮስያስ ቀጭን፣ ለዓይን የሚያሳሳ፣
አንዲት ቧንቧ ይዞ ለውድድር የተነሣ።
ስሙማ አንድ ነው፣ እውነትህን ነው አልኩት፣
ግን ያኛው መቶ አርባ ዋት ይጠጣል፣ ላንተ ስልሳ ነው የፈቀዱለት።
ስም ምን ያደርጋል? በዚህ ከተማ
ስንት ሀብታሙ አለ ለታክሲ ሳንቲም የሚቆጥር፣
ስንት ሰላማዊት ከጎረቤት ስትቧቀስ የምታድር።

ፋኑ ውስጥ አቧራ፣ እንደ ብርድ ልብስ የተነባበረ፤
ፒያሳ ሲፈርስ የልጁ መስኮት ክፍት ነበረ።
የማን ሳሎን ይሆን? የማን ደጃፍ ኖራ?
በጥርስ ብሩሽ ሰብስቤ ወረቀት ላይ አኖርኩት፣ እንደ አደራ።
ፔስት ቀባሁ፣ የስንዴ ፍሬ የምታህል።
ዘጋሁ። አበራሁ።

«በይ እንግዲህ ሰዓቱን አፍጥኚልኝ» አለ።
ሳቄ መጣ። በኛ አገር ሰዓት ማፍጠን?
እኛ አሥራ ሁለት ስንል ዓለም ስድስት እያለን፣
ለሁለት ተቃጥረን ለሦስት የምንደርስ?
ግን ጠቅ አደረግኩ። ሃምሳ ጨመርኩ። ቀስ።
ደግሞ ሃምሳ። ፋኑ አጉረመረመ፣
ሙቀቱ ሰባ አምስት፣ ሰማንያ፣ እዚያ ላይ ቆመ።
መቶ ሃምሳ። መኪናዋ ስክሪኑ ላይ ትከንፋለች፤
ስልሳ ስምንት! ልጁ ዘሎ ተነሣ፣ ወንበሯ ወደቀች።
«ጨምሪ!» «ይበቃል።» «ጨምሪ እንጂ፣ ምን አለበት?»
ስምንት ያገኘ ሰው የሚርበው ዘጠኝ ነው፣ ምን ይደረግለት።

ሁለት መቶ።
መጀመሪያ ሰማዩ ላይ አረንጓዴ ነጠብጣብ፣
ከዚያ መንገዱ ተተረተረ፣ መኪናዋ ያለ ጎማ፣ ያለ ሐሳብ፣
ከዚያ ጥቁር።
ኢዮስያስ መተንፈስ ትቶ ነበር።
«ሞተ?»
«አልሞተም፣ ደንግጦ ነው» አልኩት፣ ቁልፉን ተጭኜ እስከ አሥር ስቆጥር።

ተነሣ። የጨመርኩለትን ሁሉ ረስቶ፣
እንደ ሕፃን፣ ክፉ ሕልሙን አራግፎ፣ ትቶ።
ወደ መቶ ሃምሳ መለስኩት።
ሙአዝ ሳይናገር በጣቱ ልዩነቱን ሲያሰላ አየሁት።

ያን ጊዜ መብራት ጠፋ።
የጁስ ቤቱ መፍጫ ዝም፣ የፎቶ ቤቱ ማተሚያ ዝም፣
ከታች አንድ ሰው «ኧረ ባካችሁ!» አለ፣ ለማንም።
እስከ ለገሃር ጨለማ። ላፕቶፖቹ ብቻ፣ በባትሪ፣
ሁለቱም ቀበቷቸውን አጥብቀው፣ እንደ ጾም አዳሪ።
የአንዱን ቁጥር አየሁ፦ ሠላሳ።
የሌላውን አየሁ፦ ሠላሳ።
«ይኸው፣ እኩል ሆናችሁ» ልል ነበር፣
ልጆቹ ግን ትከሻ ለትከሻ ገጥመው መንዳት ጀምረዋል፣
ማን ይሰማኛል።

በስልኬ ብርሃን ጠረጴዛዬን ሰበሰብኩ።
አንድ ብሎን ተርፏል።
የየትኛው እንደሆነ፣ እንጃ።