አንገት መድፋት

ተማም ጎልፍ ያስተምራል፣ ጅማ፣ ቦዬ ሜዳ ላይ፣
ጤዛው ገና ሳይተን፣ ሳትወጣ ጸሐይ።
ሸገር ላይ ዓመታት፣ ከረጢት ተሸክሞ፣
የጌቶችን ምት ሲያይ፣ የተማረ ቆሞ፣
አንድ ያረጀ ዱላ፣ ብረት ጫፍ ያለው፣
«ያዝ እስኪ» አለኝና፣ እጄን አስተዋለው።

«እንደ ጫጩት ያዘው፤ ላላ ካልክ ያመልጣል፣
ጠበቅ ካረግክ ደግሞ፣ እጅህ ላይ ይሞታል።»

ምን ያድርግ ይሄ እጅ፣ ሠላሳ አንድ ዓመት
ተሳቢ ሲጎትት፣ በጊቤ ቁልቁለት፣
መሪ አንቆ የኖረ፣ ፍሬን እምቢ ሲለው፣
ጫጩት አያያዝን፣ መቼ ማን አሳየው?

«እግርህን ከፈት አርግ፣ በትከሻህ ልክ፤
ጉልበት ሸብረክ ይበል፤ ግን አትንበርከክ።»

ገንዘብ ያዧ ራውዳ፣ ብር በቆጠረ ጣት፣
ዱላዋን ነካ አርጋ፣ ኳሷን አነሣቻት።
ሳቢሳ መሰለች፣ ሽቅብ አየር ወጥታ፤
ወርዳ ከጣሳው ጫፍ፣ ቆመች ተረጋግታ።
(ጉድጓድ የምንለው፣ የቲማቲም ጣሳ፤
ባንዲራችን ፌስታል፣ ሸምበቆው አንካሳ።)

በተራዬ እኔ፣ ጥርሴን ነክሼ ስመታ፣
ሣር ተነቅሎ ሄደ፣ ኳሷ እዚያው በቦታ።
ላም ቀና ብላ አየችኝ፣ ማመንዠኳን ትታ።

«አንገትህን ድፋ! ኳሷን ብቻ እያት!
የት እንደምትሄድ፣ ለራሷ ተውላት።»

ለሾፌር ይላሉ? አንገትህን ድፋ?
ዓይኔ ፊት ፊት ባያይ፣ ስንቱ ነፍስ በጠፋ!
ኩርባው ሳይመጣ፣ ኩርባውን ያየሁ፣
በጭጋግ መሃል በግ፣ ከሩቅ የለየሁ፣
አሁን እግሬ ሥር ናት፣ መንገዴ በሙሉ፤
እንቁላል የምታክል፣ እሷን እይ አሉ።

ሰሚራ አንድ ሌሊት፣ ጋቢና ተቀምጣ፣
«ከጎንህ ያለሁት፣ መች ለዓይንህ ልምጣ?»
ብላኝ ነበር።
ዓይኔ መንገድ ላይ ነው፤ መልስ አልሰጠኋት፤
ዘንድሮ ሦስት ዓመቷ፤ አላህ ይዘንላት።

እጄን አላላሁት፤ አንገቴን ደፋሁ፤
ኳሷ ላይ ጭረት አለ፤ ጉንዳንም አየሁ፤
እስኪወርድ ጠበቅሁት፤ ከዚያ ዱላ አነሣሁ።

«ጧ» አለ፤ አንድ ድምፅ፤ ደረቅ፤ ያልጠበቅሁት፤
ጣቴ ምንም አልሰማ፤ እጄ ይሁን ሌላ እጅ፣ እኔም አልለየሁት።

ልጆቹ ከማዶ፣ ጮኹ በአንድ አፍ፤
ጣሳው ውስጥ ትግባ፣ ወይ ረግረጉን ትለፍ፣
አላየሁም። እኔ እዚያው ነኝ፣ ጎንበስ እንዳልኩ ገና፤
ኳሷ የተኛችበት ሣር፣
ቀስ እያለ፣ አንድ አንድ እያለ፣
ሲል ነበር ቀና።